ራሷ የምታስብ መኪና

ጥቅምት 6 ቀን

ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ፣ ለሚጣ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ብርዱስ? የምትተኩሺው የሆቴል አንሶላስ እስካሁን አላለቀም? እኛ በደህና አለን። ደህና ያልሆነችው መኪናሽ ናት።

በስልክ ያልነገርኩሽ ለምን መሰለሽ፤ ስልኩ ያለው አባትሽ ራስጌ ነው። ጆሮውን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ሳሎን ሆኜ ባንሾካሹክ እሱ ከመኝታ ቤት ይመልስልኛል። ስለዚህ ጋራዡ ውስጥ ባዶ የዘይት ጣሳ ላይ ተቀምጬ እየጻፍኩልሽ ነው። ወረቀቱ ላይ ጥቁር የጣት አሻራ ካየሽ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ሁለቴ ታጥቤ ነው እንዲህ የሆነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዋ መጀመሪያ ዳገት ላይ ጉልበት አጣች። ቀጥሎ ቤንዚን እንደ ውሃ ትጠጣ ጀመር። ከዚያ ያቺ መሪው ፊት ያለችው ብርቱካንማ መብራት በራች፣ አልጠፋ አለች፤ በመጨረሻም ጭራሽ አልነሳም አለችን። ፈታትሼ አየሁት። የሞተው ኮምፒዩተሩ ነው። እዚያ መኪና ላይ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያድለው ዲስትሪቢዩተር በራሱ አያውቅም፤ መቼ እሳት እንደሚሰጥ የሚነግረው ኮምፒዩተሩ ነው። ያ ዝም ሲል ይኼኛውም ግራ ገባው። ያልጠየቅሁበት የመለዋወጫ ሱቅ የለም። ስሙን እንኳ የሰማ አላገኘሁም።

መላው ግን በእጄ ነው። ለዚያው ሞተር የሚሆን የድሮ ዓይነት ዲስትሪቢዩተር አለኝ፤ ቫኪዩም ያለው። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር አይፈልግም። ሞተሩ አየር ሲስብ እሱም በቀጭን የጎማ ቱቦ እየተሳበ እሳቱን ራሱ ያስቀድማል፣ ራሱ ያዘገያል። አባትሽ ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዳበት ዓይነት ነው። ጠዋት ብጀምር ከሰዓት በኋላ መኪናሽ ትነሳለች።

ታዲያ ምን ትጠብቃለህ ትይኝ ይሆናል። አባትሽ አላስነካም አለኛ! «ሚጣ የላከችውን ሚጣ ሳትፈቅድ አታወልቅም» ብሎ ኮፈኑ ላይ እጁን ጫነ። እሺ ልጠይቃት ስለው ደግሞ «ስጦታዬ ተበላሸ ብላ ታዝናለች፣ እንዳትነግራት» ይላል። ከዚህ ሰው ጋር ምን ይደረጋል? ስለዚህ ተደብቄ እጠይቅሻለሁ።

የአባትሽ ሳል ትንሽ ጠንከር ብሏል። ከቤት ብዙም አይወጣም። የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሪውን ራሱ ይዞ ዳገቱን ወጥቶ ከተማውን ከላይ ማየት። አንዲት ቃል ጻፊልኝ፣ «ይቀየር» በይኝ። ይበቃኛል።

እጅሽን ከጋለ ብረት ይጠብቅልሽ።

አጎትሽ ባለጋራዡ


ኅዳር 28 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከእጄ መላላጥ በቀር የማማርርበት ነገር የለኝም። ደብዳቤዎ በጊዜው ደርሶኛል። መልሱን ያዘገየሁት ስለተናደድኩ ነው፤ ምን እደብቅዎታለሁ።

አጎቴ፣ አይሆንም። አይቀየርም።

እርስዎ ከድሮም ጀምሮ ኮምፒዩተር የሚባል ነገር ዓይንዎ አይገባም። መኪናዋ ወደብ የደረሰች ቀን «ሲበላሽ እናያለን» ያሉትን አልረሳሁትም። ግን ያቺን መኪና ስመርጥ ምን እያሰብኩ እንደነበር ያውቃሉ? ልጅ ሆኜ አባዬን የማስታውሰው ከወገቡ በታች ነው። ከወገቡ በላይ ሁልጊዜ ኮፈን ውስጥ ነበር። ያንን ዲስትሪቢዩተር ያላላል፣ ትንሽ ያዞራል፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፣ ያጠብቃል፣ እንደገና ያላላል። እኔ ደግሞ ልጆቹ ሁሉ ተወስደው ካለቁ በኋላ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ከዘበኛው ጋር ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ስንት ቀን! ሲመጣ በጥቁር እጁ ጉንጬን ይይዘኛል፣ እኔ አኩርፌ እዞራለሁ። ያ ጣቱ መሃል ያለው ጥቁር በሠርግም በለቅሶም ለቆት አያውቅም።

ራሷ የምታስብ መኪና የላክሁለት ለዚህ ነው። «አባዬ፣ ከእንግዲህ ኮፈን አትከፍትም» ብዬዋለሁ። እሱስ ለሰፈሩ ሁሉ «ይቺ ራሷ ታስባለች» እያለ አይደል የሚያወራው? አሁን እርስዎ ያንኑ አሮጌ ነገር ሊመልሱባት!

ኮምፒዩተሩን ከነዲስትሪቢዩተሩ ፈልጌ እልካለሁ። ያረጁ መኪኖች የሚፈቱበት ግቢ አግኝቻለሁ፤ በእረፍት ቀኔ እሄዳለሁ። እስከዚያ አንዲት ብሎን እንዳይነኩብኝ። ሳሉን ስጠይቀው ደግሞ «አቧራ ነው» ይለኛል። አቧራ ነው አይደል?

በናፍቆት፣ በትንሽ ኩርፊያም፣

ሚጣ


ጥር 3 ቀን

ለሚጣ፣ ለቁጡዋ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ቁጣሽማ ደርሶኛል፤ ቁርጥ የእናትሽን፣ ነፍሷን ይማረውና። እሷም ስትቆጣኝ እንዲህ የድሮ ነገር ትዝ እያላት ነበር።

ብሎን አልነካሁም። እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ። ለጠየቅሽኝ ግን ልመልስልሽ፤ አቧራ አይደለም። ከዚህ በላይ እንዳልናገር አስምሎኛል፣ አንቺ ግን ልጅ አይደለሽም፣ ይገባሻል።

በየሳምንቱ ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ፣ በሰው ታክሲ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲጭን የኖረ ሰው ኋላ ወንበር ላይ ተጭኖ ሲሄድ አስቢው! ሹፌሩን መንገዱን ሙሉ ቁም ስቅሉን ያሳየዋል። «ማርሽ ቀንስ እንጂ! ፍሬን ምን አደረገህ ልጄ? ጉድጓዱን አላየኸውም?» ባለፈው አንዱ ትዕግሥቱ አልቆ «አባት፣ እርስዎ ይንዱት እንዴ?» ቢለው፣ የምሩን መስሎት በሩን ሊከፍት ተነሳ። እኛ ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

አመሻሽ ላይ ደግሞ ግቢ ወርዶ መኪናሽ ውስጥ ይቀመጣል። ባትሪዋን ስለምሞላለት ቁልፉን ይከፍታል፣ የመብራቶቹን ሰሌዳ አየት ያደርጋል፣ መልሶ ይዘጋል። ከዚያ መሪውን ይዞ ይቆያል። ብርድ ይመታሃል ብለው «ትንሽ ልንዳ» ይለኛል። አንጀቴን በላው።

ሚጣዬ፣ የምትልኪውን ቶሎ ላኪው። ካልሆነ ደግሞ ቃልሽን ላኪልኝ። ደረጃው ላይ ቆሞ የሚያርፍበት ቦታ እየበዛ ነው።

መንገድሽ ሁሉ ሜዳ ይሁንልሽ።

አጎትሽ


የካቲት 19 ቀን

ለውድ አጎቴ፤

ሰላምታውን በኋላ! አገኘሁት! አገኘሁት!

ግቢው ውስጥ በረዶ ላይ ተንበርክኬ፣ ባለቤቱ በመስኮት እያየ ሲስቅብኝ፣ ራሴው ነኝ የፈታሁት። የአባዬ ልጅ አይደለሁ? ኮምፒዩተሩም አለ፣ ዲስትሪቢዩተሩም አለ፣ ሽቦውም እስከነሶኬቱ አለ። የፈታኋት መኪና የአባዬዋ መንትያ ናት፣ ቀለሟ እንኳ ያው። በሥራ ቤት ፎጣ ጠቅልዬ ዛሬ በመርከብ ልኬዋለሁ። በአውሮፕላን ለመላክ ክብደቱ አስቸገረኝ፤ ያው ትንሽ ይቆያል እንጂ ይደርሳል።

አሁን ምን ይላሉ አጎቴ? ሲበላሽ አየን፣ ሲሠራ ደግሞ እናያለን!

ለአባዬ የእኔ ኮምፒዩተር እየመጣ ነው ይበሉት። መበላሸቱን ማወቄን ቢያውቅም ግድ የለም። ትንሽ ይታገሠኝ።

ደስተኛዋ ሚጣ


ሚያዝያ 2 ቀን

ለልጄ ለሚጣ፤

እንደምን ከርመሻል? ሳጥኑ ደርሷል። እስኪደርስ ዓይናችን ወደብ ላይ ቀረ።

አባትሽ ራሱ ካልከፈትኩ ብሎ አልጋው ላይ አስቀመጥንለት። ገመዱን በጥርሱ ነው የፈታው። ፎጣውን አሽትቶ «የሚጣ ሳሙና» አለ። ኮምፒዩተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ የመጣውን ሁሉ ሲያሳይ ዋለ፤ «አያችሁ፣ ይሄ ነው አንጎሏ» እያለ።

እኔ ግን ጋራዥ ወስጄ ስገጥመው አልገጥም አለ። የፈታሻት መኪና መንትያዋ አይደለችም ሚጣ። ታናሿ ናት። ፋብሪካው በመካከል ሶኬቱን ቀይሮታል፤ የዚህኛው ጥርስ በሌላ አቀማመጥ ነው፣ የዲስትሪቢዩተሩም እግር ይረዝማል። በጉልበት ብሞክር የሞተሩን ሆድ ነው የማበላሸው። መንበርከክሽን ሳስብ ሆዴ ባባ። ጥፋትሽ አይደለም፤ ከላይ ሲያዩት አንድ ናቸው፣ ለእኔም አንድ ነው የመሰሉኝ።

ለእሱ አልነገርኩትም። «ነገ እገጥመዋለሁ» አልኩት። ትናንትም ነገ ብያለሁ።

አሁን ደግሞ መሐላዬን አፈርሳለሁ። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርቶ ሳንባው አይመለስም ብሎኛል። መሪ መያዝ የሚችለው ጥቂት ጊዜ ነው። ሌላ ልፈልግ እንዳትይኝ ልጄ፣ እግርሽ ላይ ወድቄያለሁ። ወይ ፍቀጂልኝ፣ ወይ አንቺው ደውለሽ «አባዬ፣ በቃ አትነዳም» በዪው።

አጎትሽ


ሚያዝያ 19 ቀን

አጎቴ፤

ይቀየር።

ምነው ያኔውኑ እንዲህ ብለው በነገሩኝ! ግን ነግረውኛል። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። አባዬ እንዳያውቅ። የላክሁት ሠራ ይበሉት። ጭኑ ላይ አድርጎት ዋለ ካሉኝ በኋላ አይሠራም የሚለውን እንዳይሰማ። እኔም በስልክ እንደዚያው እለዋለሁ። አፈር ስሆን፣ ይህችን ይያዙልኝ።

ለእረፍት ጠይቄያለሁ። ነሐሴ ላይ ይፈቅዱልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሚጣ


ግንቦት 11 ቀን

ለሚጣ፣ ለዓይን ብርሃኔ፤

ደስታሽን ያብዛልሽ! ተቀመጪና አንብቢው።

ለምርመራ ሐኪም ቤት ያስተኙት ጊዜ ገባሁባት። የድሮውን ዲስትሪቢዩተር አጽድቼ፣ ካርቡራተሩንም ኮምፒዩተር በማያውቀው ቀይሬ፣ ሁሉን አሰርኩ። ቁልፍ ሰጠሁ። ሚጣ፣ ተኮሰች! በካርቡራተሩ በኩል እሳት ተፍታ የግራ ቅንድቤን ላጨችው። ፊት ለፊት ያለችው ባለሱቅ ጦርነት መጣ ብላ በሯን ዘጋች። ለካ በጥድፊያ ዲስትሪቢዩተሩን ፊቱን አዙሬ ነው የከተትኩት። ይህን ሁሉ ዓመት ስሠራ ኖሬ! ማንም እንዳይሰማ፣ በተለይ አባትሽ።

አውጥቼ አዙሬ መለስኩት። ቱቦዋን ነቅዬ፣ አፏን ደፍኜ፣ ታይሚንጉን፣ እሳት የሚሰጥበትን ሰዓት፣ አስተካከልኩ፣ ከዚያ ቱቦዋን መልሼ ሰካሁ። ጋዝ ነካ ሳደርጋት፣ ኧረ ተይኝ! ጥርት ባለ ቋንቋ ታወራለች።

አሁን ተንኮሌን ስሚ። አንቺ የላክሽውን ኮምፒዩተር በቦታው በብሎን አሰርኩት፤ ሽቦው የትም አይሄድም፣ ላዩ ግን ያብረቀርቃል። ያቺ ብርቱካንማ መብራት ግን አስቸገረችኝ። እውነተኛው ኮምፒዩተር ስለሌለ ሁልጊዜ ትበራለች። እኔም ሰሌዳውን ፈትቼ አምፖሏን ነቀልኩና ኪሴ ከተትኳት። ሥራ ማለት እንዲህ ነው!

እሱ ሲወጣ በር ላይ አቁሜ ጠበቅሁት። ቁልፉን ተቀበለኝ። ዳገቱን ራሱ ነዳው ሚጣ! በሁለተኛ ማርሽ፣ ኋላችን ያለው ሁሉ ጥሩምባ እየነፋብን። ከላይ ደርሶ አቆማት፣ ከተማውን አየ፣ እየሳለ ሳቀ። «ራሷ ታስባለች» አለና ዳሽቦርዱን መታ መታ አደረጋት።

ቃልሽ ነው ያስነሳት። ተመስገን በይ።

አጎትሽ ባለአንድ ቅንድብ


ሰኔ 8 ቀን

ለውድ አጎቴ፤

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅንድብዎን ይመልስልዎት እንጂ ሌላ ምን እላለሁ!

አባዬን በስልክ አገኘሁት። ድምፁ ቀጠነብኝ፣ ግን ደስታው! «ሚጣ፣ ኮምፒዩተርሽ ሠራ፤ እንደ ሰዓት ነው የምትሄደው» አለኝ። «አላልኩህም?» አልኩት። «ብለሻል፣ ብለሻል» አለ። ስለ ሳሉ ልጠይቀው ስል እንደገና ወደ ኮምፒዩተሩ ይመለሳል። እኔም መልሼ ወደ ኮምፒዩተሩ። ካርዴ እስኪያልቅ ስለሱ ብቻ አወራን።

ነሐሴ ተፈቅዶልኛል! ጎኑ ተቀምጬ ዳገቱን እንወጣለን። እስክመጣ ምንም እንዳይነግሩት። ሲደላኝ ራሴ እነግረዋለሁ።

ሚጣ


ሐምሌ 26 ቀን

ለልጄ ለሚጣ፤

መጽናናቱን ይስጥሽ። መርዶሽን በስልክ ነግሬሽ ስታለቅሺ ሰምቼ፣ ስልኩን ዘግቼ፣ እስከ ዛሬ ብዕር አላነሳሁም። ለቀብሩ ሳትደርሺ ቀረሽ። ሰው ብዙ ነበር፤ ባለታክሲዎቹ መኪናቸውን ደርድረው ሸኙት። የእሱንም ባዶዋን ከኋላ እኔ ነዳኋት።

ያልነገርኩሽ አለ። ለእሱም ስለማልኩ ነው። አሁን መሐላው ለማን ይጠቅማል?

አባትሽ ያውቅ ነበር።

ያን የመጀመሪያ ቀን፣ ዳገቱ ላይ፣ ዳሽቦርዱን መታ መታ ካደረገ በኋላ ወደ እኔ ዞረና «አምፖሏን የት አደረግካት?» አለኝ። የቷን አምፖል ብል፣ «አትቀልድ። ቁልፍ ሲከፈት መብራቶቹ ሁሉ አንዴ በርተው ነው የሚጠፉት። ይህን ሁሉ ወር አመሻሽ ላይ ቁልፍ ከፍቼ ምን የማይ መሰለህ? ዛሬ አንዷ የለችም። ደግሞ ጋዝ ስሰጣት የመለሰችልኝ የድሮዋ ታክሲዬ ናት» አለ። እውነቱን ነው፤ ቁልፍ ሲከፈት አንዴ መብራት ነበረባት፣ እኔ ደንቆሮው ላለመብራቷ ብቻ ተጨንቄ።

ተቀየምከኝ ብለው ምን አለኝ? «ምን እቀየማለሁ፣ ናፍቆኝ ነበር እኮ! ኮፈን መክፈት እኔ መች ጠላሁ። እሷ ናት የጠላችው፤ ትምህርት ቤት በር ላይ እያስቆምኳት። ይህችን መኪና የላከችልኝ ለዚያ ነው፣ አውቃለሁ። አንድ ቀን ይቅርታ ሳልላት ትልቅ ሰው ሆነች። እና አሁን ኮምፒዩተሯ አልሠራም ልበላት? ሠራ እላታለሁ። አንተም ሠራ ትላታለህ።» አስማለኝ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ጠዋት ወንበር አውጥተንለት ኮፈኑን ይከፍት ነበር። ዲስትሪቢዩተሯን ያላላል፣ ፀጉር የምታክል ያዞራል፣ ያዳምጣል፣ ያጠብቃል። ምንም አልጎደላትም፣ እሱ ግን አይተዋትም። መንዳት ካቃተው በኋላም ይህን ያደርግ ነበር። ሲገነዙት ጣቶቹ መሃል ያ ጥቁር አለ። አንዱ በሳሙና ሊያሸው ሲል ተወው አልኩት።

አንቺ አትንገረው አልሽኝ፣ እሱ አትንገራት አለኝ። ታማኝ ሆንኩ ብዬ ሁለታችሁን አለያየሁ። ይቆጨኛል ሚጣ። እስክሞት ይቆጨኛል።

መኪናዋ ያንቺ ናት። እንደ ላክሻት ትሁን ካልሽ ትክክለኛውን ኮምፒዩተር ፈልገሽ ላኪና እመልሰዋለሁ። የምትይውን አደርጋለሁ።

ብቻሽን አትቀመጪ። ሰው ፈልጊ።

አጎትሽ


መስከረም 20 ቀን

ለአጎቴ፤

እንዴት ነዎት? ቅንድብዎ በቀለ? እኔ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። እንባዬ አንሶላው ላይ ሲወድቅ ማሽኑ ያደርቀዋል፣ ማንም አያይም።

ያንን ስልክ በሐሳቤ ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ሠራ ይለኛል፣ አላልኩህም እለዋለሁ። እሱም ይዋሻል፣ እኔም እዋሻለሁ፤ ካርዴ እስኪያልቅ። ይቅርታ ሊለኝ የነበረው አባቴ ስለ ኮምፒዩተር አወራልኝ። ናፍቀኸኛል ልለው የነበርኩት እኔም ስለ ኮምፒዩተር አወራሁለት። ከእሱ የቀረኝ የመጨረሻው ወሬ ይህ ነው።

ጥቅምት ላይ አንዲት ቃል ነበር የጠየቁኝ። ያኔ ጽፌልዎት ቢሆን ኖሮ በጋውን ሙሉ ዳገቱን ይወጣ ነበር። እኔ ኮፈን አትከፍትም ብዬ ከለከልኩት፤ ያ ሥራ ደስ ይለው እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። እርስዎ አይቆጭዎት አጎቴ። ይህ የእኔ ነው፤ ለእኔ ይተዉልኝ።

አሁን የምለምንዎት ይኸውልዎ። ምንም እንዳይመልሱ። አባዬ ሲነካካው የነበረው ዲስትሪቢዩተር እሱ ባሰረበት ይቆይ፣ ማንም እንዳያዞረው። እኔ የላክሁትን ኮምፒዩተር ግን አውልቀው ይጣሉት።

አምፖሏስ ኪስዎ ውስጥ አለች? ካለች ይመልሷት። ትብራ፣ አትጥፋ፣ ግድ የለኝም። ከእንግዲህ ደህና ነው ማለት አልፈልግም።

የነሐሴውን እረፍት እሱ በሌለበት ቤት መግባት ከብዶኝ ተውኩት፤ አሁን ከሐዘን ፈቃዴ ጋር አገናኝተውልኝ ጥር ላይ እመጣለሁ። ታይሚንግ ማሰር ያስተምሩኛል፤ እጄ እስኪጠቁር። ዳገቱንም እርስዎ ጎኔ ተቀምጠው እኔ እነዳለሁ። ከዚያ በፊት ግን በትምህርት ቤቱ በር በኩል እናልፋለን። እዚያ ጥግ ይዤ ትንሽ አቆማታለሁ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ።

ሚጣ